የመህር ወርቅና የጨረታ ዋጋ

በ2017 ዓ.ም. በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከሰፈሩ የተነሱ አንዲት እናት የመህር ሐብላቸውን በኢንተርኔት ጨረታ ሊሸጡ አስበው «መነሻው ስንት ይሁን?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልሱ ሌሎችንም ይጠቅማልና እነሆ።

ጨረታ በራሱ ሐላል ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የአንድ ችግረኛ አንሷሪን ዕቃ ለተጫራቾች አቅርበው ጭማሪ በመጠየቅ በሁለት ዲርሃም ሸጠዋል። ዋጋው ግን በግምት አይቆረጥም። ፉዷላ ቢን ዑበይድ በኸይበር ዘመቻ በ12 ዲናር የገዙት ሐብል ጨሌው ተለይቶ ሲታይ፣ ወርቁ ብቻውን ከ12 ዲናር በልጦ ተገኘ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይለይ እንዳይሸጥ አዘዙ።

ስለዚህ አስቀድሞ ፈርጡን ለይቶ ወርቁን ማስመዘን፣ ካራቱንም ማስመርመር ያሻል። 20 ግራም ባለ21 ካራት ወርቅ ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 17.5 ግራም ነው። ይህ በዕለቱ የንጹሕ ወርቅ ዋጋ ሲባዛ ወለሉ ይታወቃል፤ ፈርጡና የእጅ ሥራው ከዚያ በላይ ይታሰባሉ። ከወለሉ በታች አለመሸጥ የባለቤቷ መብት ነው፤ ለተጫራቾች አስቀድሞ ይነገር።

ዘመድን የማይገዛ ተጫራች አድርጎ ዋጋ ማስወደድ ግን «ነጅሽ» ነው፤ ሐዲስ ከልክሎታል። ወርቅና ገንዘብም እጅ በእጅ ይለዋወጣሉ፤ ጨረታው በስልክ ቢካሄድም ሽያጩ ወርቅ ቤት ተገናኝተው፣ አስመዝነው ይፈጸም። መህር የሴቷ የግል ሀብት ነውና በችኮላ አይባክን።

ወላሁ አዕለም።