ከባድ ጨዋታና ከባድ ትምህርት

«ይህ ነገር ከባድ ነው» የሚለው አነጋገር በመማሪያ ክፍል ውስጥ በየቀኑ ይሰማል። ነገር ግን አንዱ ተማሪ ይህን ብሎ እርሳሱን ሲያስቀምጥ፣ ሌላው ይህንኑ ብሎ ጥያቄውን እንደገና ያነባል። የሁለቱ ቃል አንድ ነው፤ አድራጎታቸው ግን ለየቅል ነው። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? መልሱ ሁልጊዜ በተማሪው ጠባይ ላይ አይገኝም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቀረበለት ሥራ አዘገጃጀት ውስጥ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ነጥብ በጨዋታ ምሳሌነት ማስረዳት ነው። ጨዋታ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ማንም ተገዶ አይጫወትምና፣ ጨዋታ ሲከብድ ተጫዋቹ ለምን እንደቆየ ወይም ለምን ጥሎ እንደሄደ በቀላሉ ይታያል።

ሀ. ባለ ሁለት ስክሪኑ ጨዋታ

እ.ኤ.አ. በ2009 ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሄንሪ ሃትስወርዝ» በሚባል ባለታሪክ ስም የተሰየመ የቪዲዮ ጨዋታ አወጣ። የተሠራው ኒንቴንዶ ዲኤስ ለተባለው፣ በእጅ ተይዞ ለሚሠራና ከላይና ከታች ሁለት ስክሪን ላለው መሣሪያ ነው።

በላይኛው ስክሪን አንድ ባርኔጣ የደፉ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ሀብት ፍለጋ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ከጠላት ጋር ይዋጋሉ። በታችኛው ስክሪን ደግሞ ባለቀለም ጡቦች ተደርድረዋል። ተጫዋቹ ጡቦቹን ቦታ እያለዋወጠ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸውን ሦስት ሲያገናኝ ይጠፋሉ። ብልሃቱ ያለው ሁለቱ ስክሪኖች በመያያዛቸው ላይ ነው። ላይ የተመታ ጠላት ጡብ ሆኖ ታች ይወድቃል። እዚያ ካልጠፋ ቀስ እያለ ከሌሎቹ ጡቦች ጋር ሽቅብ ይወጣና፣ ጫፍ ሲደርስ ተመልሶ ሽማግሌውን ያጠቃል። ታች ለመሥራት የሚሰጠው ጊዜም የተወሰነ ነው። ኃይላቸው ሲሞላ ደግሞ ሽማግሌው ሻይ ጠጥተው በትልቅ ሮቦት ውስጥ ሆነው ይዋጋሉ። እስቲ ይህን አይቶ የማይስቅ ማን ነው?

ጨዋታው በወጣ ጊዜ ሂስ ጸሐፊዎች በአብዛኛው በደስታ ተቀበሉት። ሁለት የተለያዩ የጨዋታ ዓይነቶችን ማጣመሩን፣ ቀልዱንና ለዛውን አመሰገኑ። ቅሬታው ያረፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም በክብደቱ። ወደ ኋለኞቹ ምዕራፎች ሲደረስ ጨዋታው እጅግ እንደሚከብድ ጻፉ። አንዳንዶቹ ይህን እንደ ጉድለት ሲቆጥሩት፣ አንዳንዶቹ ግን የድሮ ጨዋታዎች ወግ ነው ብለው ወደዱት።

ለ. ማን ትክክል ነው?

ታዲያ ከሁለቱ ወገን የትኛው ልክ ነው? ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ምክንያቱም «ክብደት» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተጠቅልለዋል።

የመጀመሪያው ምክንያቱ የሚታይ ክብደት ነው። ታች ሳይጠፋ የቀረው ጡብ መጥቶ ሲመታው፣ ተጫዋቹ የወደቀበትን ምክንያት ያውቃል። «ያንን ትቼው ነው» ይላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አይተወውም። እንዲህ ያለው ክብደት ያስተምራል።

ሁለተኛው የሸክም ክብደት ነው። ሰው በአንድ ጊዜ በሐሳቡ ሊይዘው የሚችለው ነገር የተወሰነ ነው። ላይ መዝለል፣ ታች ጡብ ማገጣጠም፣ ጊዜ መቁጠር፣ በዚያ ላይ ፍጥነት ሲጨመር፣ እያንዳንዱን ለብቻው የሚችለው ተጫዋች እንኳ ሁሉም አንድ ላይ ሲመጡበት ይወድቃል። ያን ጊዜ የጎደለው ችሎታ የትኛው እንደሆነ ለራሱም አይታየውም። ጥሎ መሄድ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የሩሲያው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ (እ.ኤ.አ. 1896–1934) ሕፃን ብቻውን የሚችለውን ሥራና በሌላ ሰው እርዳታ የሚችለውን ሥራ ለይቶ አስቀምጦ ነበር። ትምህርት ፍሬ የሚሰጠው በሁለቱ መካከል ባለው ስፍራ ነው። ከዚያ በታች ያለው ያሰለቻል፤ ከዚያ በላይ ያለው ተስፋ ያስቆርጣል።

ሐ. በአገራችንስ?

ለዚህ ነገር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ገበጣን የማያውቅ ማን አለ? በአክሱም ዘመን በነበሩ ስፍራዎች፣ ማለትም በአድዋ አቅራቢያ ባለችው በየሐና በኤርትራ ባለችው በመጠራ፣ የገበጣ መጫወቻ ቅሪቶች ተገኝተዋል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በአገሪቱና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን ብዙ የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል። ጉድጓዶቹ በሦስት ረድፍ የሚሰለፉበት ዓይነት በተለይ የአፍሪካ ቀንድ መለያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው ቅኔ የተባለ ጨዋታ አዘጋጅ ድርጅት ደግሞ ገበጣን በስልክ የሚጫወቱት አድርጎ አቅርቦታል።

ገበጣ ቀላል ጨዋታ አይደለም። ጎበዝ ተጫዋች ጠጠር ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻው የት እንደሚያርፍ በልቡ ቆጥሮ ይጨርሳል። ይሁን እንጂ የተሸነፈ ልጅ «እንደገና!» ይላል እንጂ ጥሎ አይሄድም። ለምን? ሁሉም ነገር በግልጽ ስለተቀመጠ ነው። የተደበቀ ጠጠር የለም፤ የሚያጣድፍ ሰዓትም የለም። የተሸነፈው በየትኛው እንቅስቃሴ እንደተሳሳተ ተመልሶ ሊቆጥር ይችላል።

ለክፍል ሥራም ይመቻል። 12 ጉድጓዶችን በክብ ቁጠሯቸው። ከ10ኛው 5 ጠጠር ብናነሳና በየጉድጓዱ አንዳንድ እየጣልን ብንሄድ፣ የመጨረሻው የት ያርፋል? 10 ሲደመር 5፣ 15 ነው፤ ከ15 ላይ 12 ሲቀነስ 3 ይቀራል። ስለዚህ 3ኛው ላይ ያርፋል። ልጁ ቢጠራጠር ጠጠሩን ይጥላል፣ ራሱን ያርማል፤ መምህሩን አይጠብቅም።

መ. ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

በትግራይ ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተዘጉ። ከዚያ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተከተለ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ ብዙ ልጆች ወደ ክፍል የተመለሱት ከሦስት ዓመት በላይ ቆይተው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ዕድሜው ከክፍሉ በላይ ነው፤ ንባቡ ደግሞ ከክፍሉ በታች ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰጠው ሥራ የሸክም ክብደት ካለው፣ ልጁ «እኔ አልችልም» ብሎ ይደመድምና ዳግመኛ ላይመለስ ይችላል። የጠፋ ተጫዋች ሌላ ጨዋታ ያገኛል፤ የጠፋ ተማሪ ግን ሌላ ልጅነት አያገኝም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። «አንዲት እናት በዓዲ ሐቂ ገበያ ኪሎው 60 ብር የሆነ ሽንኩርት 4 ኪሎ ገዝተው 300 ብር ቢከፍሉ፣ ስንት ብር ይመለስላቸዋል?» ተማሪው አልቻለም እንበል። መምህሩ «ሒሳብ አይችልም» ብሎ ከመጻፉ በፊት፣ 4 ጊዜ 60 ስንት እንደሆነና ከ300 ላይ ያ ሲቀነስ ምን እንደሚቀር በቁጥር ብቻ ይጠይቀው። 240 እና 60 ብሎ ከመለሰ፣ ችግሩ ሒሳቡ ሳይሆን ንባቡ ነበር። በላይኛው ስክሪን ሲታገል ታችኛው አመለጠው ማለት ነው።

በመሆኑም ለተግባር ልምምድ የምንወጣ ሰልጣኞች የሚከተሉትን ነጥቦች ብንይዝ ይጠቅመናል፦

1. በአንድ ልምምድ ውስጥ አንድ አዲስ ነገር ብቻ ማስገባት። ቁጥሩ አዲስ ከሆነ ቋንቋው የታወቀ ይሁን፤ ቋንቋው አዲስ ከሆነ ቁጥሩ ቀላል ይሁን።
2. ደብተር ሲታረም ኤክስ ብቻ አድርጎ አለማለፍ፤ መንገዱ የጠፋበትን መስመር ማሳየት።
3. ተማሪው ከተሳሳተበት ስፍራ እንዲቀጥል ማድረግ። የሚያውቀውን ሁሉ ከመጀመሪያው ማስደገም ቅጣት እንጂ ልምምድ አይደለም።
4. ሥራውን ጨርሶ አለማቅለል። ከባድ መሆኑ ሳይሆን ምክንያቱ መደበቁ ነው ልጁን የሚያርቀው።

አራተኛው ነጥብ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ለልጆቹ ከማዘን የተነሳ ሁሉን ነገር የሚያቀል መምህር፣ ሳያውቀው «ከእናንተ ብዙ አልጠብቅም» እያላቸው ነው። ልጆች ይህን ቶሎ ይረዳሉ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

ሀ) በቅርቡ ካዘጋጃችሁት ፈተና አንድ ጥያቄ ምረጡ። ተማሪ ቢሳሳት ምክንያቱን ከመልሱ ማወቅ ይቻላል?

ለ) በየመጣችሁበት ወረዳ ገበጣ እንዴት ይጫወታሉ? ሕጉን ጽፋችሁ ለየትኛው የሒሳብ ትምህርት እንደሚያገለግል አስረዱ።