ማገዶን ስለ መቆጠብና ጭስን ከማድ ቤት ስለ ማውጣት

እናቶች፤ ስለ ቤት ንጽሕና ስንናገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው ስለ ውኃ፤ ስለ ሽንት ቤትና ስለ ዝንብ ነው። ዛሬ ግን ስለ እሳት እንነጋገር። «እሳት ከንጽሕና ጋራ ምን አገናኘው?» የምትል እናት ብትኖር፤ ቀና ብላ የማድ ቤቷን ጣራ ትመልከት። ያ እንደ ሸረሪት ድር የተንጠለጠለው ጥቀርሻ በጣራው ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ በእናቲቱ ሳንባና በጀርባዋ ባዘለችው ሕፃን ሳንባም ይገባል። ደግሞም ጥቀርሻ ማለት በደንብ ሳይነድ የቀረ ማገዶ ነው። ስለዚህ ጭስ የበዛበት ቤት ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ማገዶውንም ጤናውንም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ ከቤት ውስጥ እሳት በሚወጣ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው። በጭስ ውስጥ የሚያድግ ሕፃን የሳንባ ምች የሚይዘው ጭስ ከሌለበት ቤት ሕፃን ወደ እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። የእናቶችም ዓይን የሚያለቅሰው፤ ሳሉም አልለቅ የሚለው በአብዛኛው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ይህን የምንለው እናቶችን ለመውቀስ አይደለም። ማለዳ ወጥታ ቀትር ካለፈ በኋላ ሸክሟን ይዛ የምትመለስ ሴት እንጨት ማባከን ትወዳለች ብለን አናስብም። የሚያባክነው ምድጃው ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ እሳት ሲነድ ነበልባሉ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ነፋስም ይወስደዋል። ከሙቀቱ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ከ10 እጅ 1 እጅ ያህል ቢሆን ነው። የቀረው ቤቱንና የእናቲቱን ፊት አሙቆ ይጠፋል።

በመጀመሪያ ስለ እንጨቱ እንናገር፤ ይህም ለአባወራው የሚነገር ነው። እርጥብ እንጨት ሲነድ ሙቀቱ አስቀድሞ የሚሠራው ወጥ ማብሰል ሳይሆን በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውኃ ማድረቅ ነው። ጭሱ የሚበዛውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ አባወራው የክረምቱን እንጨት በበጋ ፈልጦ፤ ውፍረቱ ከእጅ አንጓ እንዳይበልጥ አድርጎ፤ ዝናብ በማይነካው ጥግ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ቢደረድረው ለሚስቱ ትልቅ ውለታ ነው። ትልቅ ግንድ ሳይፈለጥ ወደ ምድጃ ሲገባ ግማሹ እየነደደ ግማሹ እየጨሰ ይውላል፤ እናቲቱም እፍ ስትል ትውላለች። ኩበትን በተመለከተ፤ አታንድዱ ለማለት አንደፍርም፤ ዛፍ በጠፋበት አገር ሌላ ምን አለ? ነገር ግን ኩበት ከደረቅ እንጨት ይልቅ ጭሱ የከፋ መሆኑንና የነደደው ሁሉ ከማሳው የቀረ ፍግ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በጓሮ ዳር ጥቂት ዛፍ የተከለ ሰው ኩበቱን ለእርሻው ያተርፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ወደ ምጣዱ እንምጣ። በገጠር ከቤት ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው፤ ስለሆነም ስለ ሻይና ስለ ቡና ማገዶ ከመጨነቅ በፊት ምጣዱን ማስተካከል ይበልጣል። ምጣዱ በጉልቻ ላይ ተጥዶ ዙሪያውን ክፍት ከሆነ ነበልባሉ ከምጣዱ ጠርዝ እየወጣ ይጠፋል። ስለዚህ ዙሪያውን በግንብ መክበብ ይገባል። ሲሚንቶ የሚገኝ ከሆነ በ1980ዎቹ ዓመታት በአገራችን ባለሙያዎች የተዘጋጀውን «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ መግዛት ነው። እርሱም ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀላቅሎ የሚሠራ ሆኖ፤ ምጣዱን ዙሪያውን ይከበዋል፤ ከኋላው በኩል የሚወጣው ትኩስ አየርም በላዩ የተጣደውን ድስት ያሞቃል። በጉልቻ ላይ ከሚነደው ማገዶ እስከ ግማሽ ያህሉን ያድናል። ሁለት ሸክም ይፈጅ የነበረው በአንድ ሸክም አለቀ ማለት ነው።

ገንዘብ የሌለው ቤት ደግሞ ጭቃ አለው። ጭቃውን ከጭድ ጋራ በደንብ አቡክቶ ጥቂት ቀን ማሳደር፤ ከዚያም ምጣዱ ከመሬት አንድ ስንዝር ገደማ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ዙሪያውን መገንባት ነው። ከፊት አንድ የማገዶ መክተቻ፤ ከኋላ አንድ የጭስ መውጫ ይበቃል። መክተቻው ሰፊ እንዳይሆን! ሰፊ አፍ ያለው ምድጃ እንጨት ይለምናል። ምጣዱና ግንቡ የሚገናኙበትን ስንጥቅ በጭቃ መድፈን፤ ግንቡም ጥላ ሥር በደንብ ሳይደርቅ እሳት አለማንደድ ነው። የጭስ መውጫው ወደ ግድግዳው ቀዳዳ ቢመለከት፤ ማድ ቤቱም ከመኝታው ቢለይ እጅግ መልካም ነው። ግንቡ ሌላም ጥቅም አለው፤ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ወደ ነበልባሉ በቀላሉ አይደርስም።

የአጋገሩም ሥርዓት ማገዶ ያድናል። የሸክላ ምጣድ እስኪግል ድረስ ብዙ ይበላል፤ ከጋለ በኋላ ግን ጥቂት ይበቃዋል። እንግዲህ ሊጡ ኩፍ ሳይል፤ ማሰሻው፤ አክንባሎውና ሰፌዱ ሳይቀርብ እሳቱን አታንድዱ። ለአንድ ቀን የሚሆን ሦስት አራት እንጀራ በየቀኑ ከመጋገር ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚሆነውን ባንድ ጊዜ መጋገር ይሻላል። ከዚያ በላይ ግን አይቆይ፤ የሻገተውን ደግሞ ሻጋታውን ጠርጎ መብላት አይገባም። ጎረቤታሞች ተራ ገብተው በአንድ ምጣድ ቢጋግሩማ፤ ሁለተኛዋ ሴት የጋለ ምጣድ ስለምታገኝ የማጋያውን ማገዶ አተረፈች። መጨረሻውን እንጀራ ካወጣችሁ በኋላ ምጣዱ ገና ትኩስ ነው፤ ቆሎ ይቆላበታል።

ወጥና ንፍሮ ሲበስል ደግሞ ይህን አስተውሉ። ውኃ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ አይጨምርም፤ እንፋሎቱ ብቻ ይበዛል። በኃይል የሚንፈቀፈቀው ድስትና በቀስታ የሚንተከተከው ድስት እኩል ይበስላሉ። ስለዚህ ድስቱ ሲፈላ እንጨቱን ወደ ኋላ መሳብ፤ የተሳበውንም ጫፍ በአመድ ቀብሮ ማጥፋት ነው፤ ትርኳሹ ነገ ለማቀጣጠል ይጠቅማል። ድስቱ ግጣም ይኑረው፤ ግጣም የሌለው ድስት በእሳት ላይ የተጣደ የተቀደደ ጆንያ ነው።

የደጋ እናቶች «ባቄላው አልበስል አለ» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቦታው ከፍ ባለ መጠን ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ አገር በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ፤ ከፍታው 2,400 ሜትር በሚሆን አገር በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጥሬውም ይዘገያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ባቄላውን፤ ሽምብራውንና አተሩን ማታ በውኃ ዘፍዝፎ ማሳደር፤ ጠዋት ውኃውን ደፍቶ በአዲስ ውኃ መቀቀል። ሌላም ዘዴ አለ። አንድ ትልቅ ቅርጫት ጭድ ሞልቶ መሐሉን በድስቱ ልክ መጎድጎድ፤ ንፍሮው ጥቂት ከፈላ በኋላ ድስቱን ከነግጣሙ በጭዱ ውስጥ ቀብሮ ከላይ ጋቢ ወይም ጆንያ መደረብ ነው። ያለ እሳት ሲበስል ይቆያል። ሲወጣ ግን ከመበላቱ በፊት እንደገና ይፍላ፤ ለብ ብሎ የቆየ ምግብ ተሕዋስያን ይራቡበታልና።

የማይቆጠብበት ቦታም አለ። «ማገዶ ለመቆጠብ ነው» ብሎ ወተቱን ሳያፈሉ፤ ሥጋውን ሳያበስሉ፤ የሕፃኑን ምግብ ቀዝቃዛውን መስጠት ኋላ ብዙ ያስከፍላል። የወንዝና የኩሬ ውኃ ለመጠጥ ሲፈላ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ በቆላ 1 ደቂቃ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር 3 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማፍላት ትርፉ ማገዶ መፍጀት ነው። ማገዶ ጨርሶ ከታጣ ፀሐይ አለች። ጥሩ አድርጎ የታጠበ ባለ 2 ሊትር ወይም ከዚያ ያነሰ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ያልደፈረሰ ውኃ ሞልቶ፤ ከድኖ፤ በቆርቆሮ ላይ አጋድሞ ለ6 ሰዓት ፀሐይ ማስመታት ነው። ሰማዩ ደመና ከሆነ 2 ቀን ሙሉ ይቆይ። ውኃው የደፈረሰ ከሆነ አስቀድሞ አጥልሎ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ቀረን፤ እርሱም ከሰል ነው። በደጋ ብርድ ሌሊት፤ ሙቀቱ እንዳይባክን ተብሎ በርና መስኮት ተዘግቶ ፍም በማንደጃ ወደ መኝታ ይገባል። ይህን ቁጠባ አደራ ተዉት። ከሰል ጭስ ባይኖረውም ሽታውና መልኩ የማይታወቅ መርዝ ያወጣል፤ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ፍሙ ውጭ ይደር፤ ለብርዱ ልብስ መደረብና አንድ ላይ መተኛት ይሻላል። ፍም ባለበት ቤት ራሱን ያመመው፤ ያጥወለወለው ወይም ጉልበት የከዳው ሰው ካለ በሩን ወለል አድርጎ መክፈትና በፍጥነት ወደ ውጭ አየር ማውጣት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውኃ በአፉ አይጨመር፤ ያንቀዋል። በወሳንሳም በበቅሎም ይሁን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ በዚያው ቤት ተኝተው የነበሩትም ደኅና ነን ቢሉ እንኳ አብረው ሄደው ይታዩ።