የስልክ መስመሩ በማን ስም ነው?

በማታው ክፍል ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «መምህር፣ ከዋትሳፕ፣ ከቴሌግራምና ከሲግናል የትኛው ይሻላል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከፕሮግራሞቹ በፊት ስለ ሲም ካርዱ መነጋገር ያስፈልጋል።

ሦስቱም ፕሮግራሞች የሚመዘግቡን በስልክ ቁጥራችን ነው። በአጭር መልእክት የማረጋገጫ ቁጥር ይላካል፤ ያንን ያስገባ ሰው የመስመሩ ባለቤት ተደርጎ ይቆጠራል። እዚህ ካኩማ ደግሞ ብዙዎቻችን መታወቂያ ሳይደርሰን በጎረቤት ወይም በባለሱቅ ስም በወጣ መስመር እንጠቀማለን። ያ ሰው ወደ ስልክ ድርጅቱ ሄዶ «ሲሜ ጠፋብኝ» ቢል ምትኩ የሚሰጠው ለእርሱ ነው። ክፋት ባይኖረው እንኳ፣ መስመሩ ካርድ ሳይሞላበት ለብዙ ወራት ከቆየ ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ ይችላል።

በዚያ ቁጥር ላይ ያለው ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባላስጨነቀ ነበር። ሪያድ ያለችው እህት የምታውቀን በእርሱ ነው። የቃለ መጠይቅ ቀጠሮም የሚደወለው በፋይላችን ላይ ወደተመዘገበው ቁጥር ነው። ቁጥሩን የያዘ ሰው በስማችን ገብቶ «ታምሜአለሁ፣ ገንዘብ ላኩልኝ» ብሎ ቢጽፍ የትኛው ዘመድ ይጨክናል?

ስለዚህ መታወቂያ የደረሰው ሰው መስመሩን በራሱ ስም ያዛውር። እስከዚያው በዋትሳፕ ውስጥ «ሴቲንግስ» ከዚያም «አካውንት» የሚለውን ከፍታችሁ፣ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» በሚለው ሥር የራሳችሁን ስድስት አኃዝ አስገቡ። ሲሙን በእጁ ያደረገ ሌላ ሰው ይህን የይለፍ ቁጥር ካላወቀ ሰባት ቀን ለመጠበቅ ይገደዳል። መከላከያው ዘላቂ አይደለም፤ ሆኖም በሰባት ቀን ውስጥ ለዘመድ ሁሉ በሌላ ስልክ ማሳወቅ ይቻላል። ደውሎ «የደረሰህን ቁጥር ንገረኝ፣ ጉዳይህን ላፋጥን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አገልግሎት ነፃ ነው፤ ኮዱንም ገንዘቡንም የሚጠይቅ አጭበርባሪ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን በላኪው ስልክ ላይ ቆልፎ የሚከፍተው በተቀባዩ ስልክ ላይ ነው። ባለቤቱ ሜታ ይዘቱን አያነብም፤ ማን ለማን መቼ እንደጻፈ ግን ያውቃል። ሲግናል የሚጠቀመው ይህንኑ ዓይነት ቁልፍ ሲሆን (ዋትሳፕም ዘዴውን የወሰደው ከእርሱ ነው) የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ቁጥራችንን ሳናሳይ በመጠሪያ ስም ብቻ ከሰው ጋር እንድንገናኝ ያስችላል።

ቴሌግራም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ተራው ጽሑፍ የሚቀመጠው በድርጅቱ ኮምፒውተሮች ላይ ሲሆን ቁልፉም በድርጅቱ እጅ ነው። «ሲክሬት ቻት» የተባለው ብቻ ከዚህ ይለያል፤ እርሱም በሁለት ሰዎች መካከል እንጂ በቡድን አይሠራም። በአንጻሩ ለትምህርት ከቴሌግራም የሚሻል አላየሁም። ስልክ ቢጠፋ እንኳ የ12ኛ ክፍል መጻሕፍት በአዲሱ ስልክ ላይ እንዳሉ ይመለሳሉ።

እንግዲህ መጽሐፍ በቴሌግራም ይምጣ። የጥገኝነት ወረቀት ፎቶግራፍ ወይም ከአገር ያስወጣንን ጉዳይ የሚነካ ወሬ ግን በቴሌግራም ቡድን ውስጥ አይለቀቅ፤ ለእርሱ ሲግናል አለ። እናታችን ያላት ዋትሳፕ ብቻ ከሆነ በዋትሳፕ እንጻፍላት፤ ለእርሷ የሚሻለው የምትችለው ነው። በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈውን «ጂቢ ዋትሳፕ» ግን አልመክርም። የዋትሳፕ ድርጅት ያልሠራው በመሆኑ ውስጡ ምን እንደተጨመረበት አይታወቅም፤ ተጠቃሚው ከእነ ቁጥሩ ሊታገድም ይችላል።

ስልካችሁን በሶላር ቻርጅ ለሚያደርጉ ሱቆች ስትሰጡም ሲሙን አውጥታችሁ ኪሳችሁ ክተቱት። ባትሪው ያለ ሲም ይሞላል። ስልኩ የተቆለፈ ቢሆንም በአጭር መልእክት የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር በብዙ ስልኮች መስተዋት ላይ ለማንም ይታያልና።