ከገበያ ቀን የሚጀምር ጉዞ፦ የጋሞን ደጋና የአርባ ምንጭን ሐይቆች በአንድ ሳምንት

አርባ ምንጭ ለሽርሽር የሚወርድ ሰው ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ወጥቶ አዞና ጉማሬ ያያል፤ ሴቻ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሁለቱን ሐይቆች፣ አባያንና ጫሞን፣ ቁልቁል እየተመለከተ አሳ ይበላል፤ ሊመለስ ሲል ግማሽ ቀን ቆርሶ ዶርዜ ይወጣና ቆጮ ቀምሶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይወርዳል። ሐይቆቹ ሊታዩ ይገባል። ቅሬታዬ ለደጋው በተሰጠው ግማሽ ቀን ላይ ነው። ጋሞ ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የሚሸምንበት፣ የሚገበያይበት አገር ከሐይቆቹ በላይ ነው ያለው። እዚያ ሁለት ሌሊት ያላደረ ሰው የጋሞን አገር አይቻለሁ ለማለት ይቸገራል። ስለዚህ ይህ ዕቅድ ደጋውን ያስቀድማል፣ ሐይቁን ያስከትላል።

አንደኛ፤ የገበያ ቀኑን ይያዙ

ሰው ጉዞ ሲያቅድ የሚጀምረው ከዓመት ፈቃዱ ወይም ከሆቴሉ ነው። ወደ ጋሞ ደጋ ሲሄዱ ግን ከገበያው ይጀምሩ። የዶርዜ ገበያ የሚውለው ሰኞና ሐሙስ ሲሆን፣ የጨንቻው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። በእነዚህ ቀናት ከየቀበሌው ጥጥና ፈትል፣ ገብስ፣ ቆጮ፣ ቅቤ፣ ሸክላ፣ የቀርከሃ ዕቃና ጋቢ ተሸክሞ የሚወጣውና የሚወርደው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል። በሌላ ቀን የደረሰ ሰው የሚያገኘው ባዶ ሜዳ ነው።

ሙሉ ሳምንት ካለዎት እንዲህ ያድርጉ። እሑድ አርባ ምንጭ ይግቡ። ሰኞ ጠዋት ወደ ዶርዜ ወጥተው ገበያውን ይዋሉበት፣ እዚያው ይደሩ። ማክሰኞ ጨንቻ ገበያ ይሂዱ። ረቡዕ በእግር እየተጓዙ ደጋውን ይሰናበቱና ይውረዱ። ሐሙስ ጫሞን፣ ዓርብ ነጭ ሳር ፓርክንና የከተማውን ምንጮች ያዩና ቅዳሜ ይመለሳሉ። ጊዜ ያጠረው ሰው ረቡዕ ተነስቶ ሐሙስን ዶርዜ፣ ቅዳሜን ጨንቻ፣ እሑድን ጫሞ ላይ ሊያውል ይችላል። ገበያው የሚሞቀው ረፋዱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ብዙው ሰው ከሩቅ በእግሩ የሚመጣ ነውና። ስለዚህ በማለዳ ደርሰው ገበያተኛ የለም ብለው እንዳይመለሱ።

ሁለተኛ፤ ወሩን ይምረጡ

ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ለመንገድ የተመቸ ነው። በቆላው ዋናው ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ግንቦት ይወርዳል፤ ደጋው ደግሞ በክረምትም ጭጋግና ዝናብ አያጣም። ሐምሌና ነሐሴን አልመክርም። ገደላማው መሬት ውኃ ሲጠግብ የሚያመጣውን መዘዝ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ አይተናል፤ ናዳው ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀጥፏል።

መስከረም ግን የተለየ ነው። መስቀል በጋሞ የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሲሸምን የከረመው ሁሉ ለበዓሉ አገሩ ይገባል፤ የተራራቀ ዘመድ ይገናኛል፣ ከብት ይታረዳል፣ ሜዳው በጨዋታና በዘፈን ይሞላል። በዚህ ሰሞን ለመሄድ ከፈለጉ ትራንስፖርትና ማደሪያ አስቀድመው ይያዙ፤ ከደመራ በፊት ባሉት ቀናት ወደ ደቡብ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ወንበር ማግኘት ከባድ ነው። በበዓሉ ቀን ሰው ቤት ለመግባትም የሚያስተዋውቅዎ የአገሩ ሰው ያስፈልግዎታል።

ሦስተኛ፤ መንገዱን ይወስኑ

በአውሮፕላን ከሄዱ ከቦሌ አርባ ምንጭ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ከአዲስ አበባ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ሶዶ ይገባል፤ እስከ አርባ ምንጭ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። ሌላው በሻሸመኔ ዞሮ ሶዶ ይደርሳል፤ ወደ 500 ይጠጋል። ሁለቱም ቀን ይፈጃሉ። እኔ በሆሳዕና የሚያልፈውን እመርጣለሁ፤ አጭር ከመሆኑም በላይ የጉራጌንና የሐዲያን የእንሰት አገር እያዩ ስለሚያልፉ፣ ጋሞ ደርሰው እንሰት ሲያገኙ የምን አካል እንደሆነ ይገባዎታል። ከሶዶ በኋላ አባያ በግራ በኩል ይታያል። ከጣና ቀጥሎ በስፋቱ የሚጠራ ሐይቅ ነው፤ ቀይ ቡናማ መልኩ ከደለሉ የመጣ ነው። ምዕራብ አባያ ላይ ሙዝ ገዝተው ይለፉ። ከብት በመንገድ ላይ ስለሚነዳ ከመጨለሙ በፊት ለመግባት ይነሱ፣ የመንገዱንም የጸጥታ ሁኔታ ዋዜማውን ይጠይቁ።

የአርባ ምንጭ ከተማ ሁለት ክፍል ነው፦ ታች ሲቀላ፣ ላይ ሴቻ፤ በመካከላቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር ዳገት አለ። መኪና ከሌለዎት ለገበያና ለመናኸሪያ ቅርብ የሚሆነው ሲቀላ ነው። ሐይቆቹን ማየት የሚሻ ሴቻ ይደር።

አራተኛ፤ ወደ ዶርዜ ይውጡ

ከአርባ ምንጭ በሶዶ መንገድ ወደ ሰሜን ጥቂት ሄደው ወደ ግራ ሲታጠፉ ዳገቱ ይጀምራል። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ነገር ግን ከ1,300 ሜትር በታች ካለ ከተማ ተነስተው ወደ 2,700 ሜትር ይወጣሉ። ሙዙ፣ ማንጎውና ጥጡ ቀርቶ እንሰት፣ ገብስና ቀርከሃ ይተካል፤ ሸሚዝ ለብሰው ከታች የተነሱ ሰዎች መንገድ ላይ ሹራብ መፈለግ ይጀምራሉ። ዶርዜ ከጨንቻ በፊት ይገኛል። በሚኒባስ የሚሄዱ ከሆነ በገበያ ቀን መኪናው በጠዋት ስለሚሞላ መናኸሪያ ቀድመው ይድረሱ።

የዶርዜ ቤት ብዙ ጊዜ በፎቶ ታይቷል፤ ገብቶ ማደር ግን ሌላ ነገር ነው። በቀርከሃ የተጎነጎነ፣ በቅጠል የተከደነ፣ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር የሚረዝም ቤት ነው፤ ከፊቱ ያለው እብጠትና ሁለቱ የጭስ ማውጫዎች የዝሆን ፊት ያስመስሉታል። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ ያጥራል፤ ስለዚህ ረጅሙ ቤት አዲሱ ነው፣ አጭሩ ደግሞ አሮጌው። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግም ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱን እንዳለ አንስቶ ይሸከመዋል። ለእንግዳ የተዘጋጁ ማደሪያዎች አሉ፤ ከአካባቢው አስጎብኚዎች ጋር ተስማምተው፣ ዋጋውን ምግቡን ጨምሮ አስቀድመው ይቁረጡ።

ለሽመናው በቂ ሰዓት ይስጡ። ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዱ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ያመላልሳል። ዱንጉዛ የሚባለውን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጨርቅ በየሱቁ ቢያገኙትም፣ በሸማኔው እጅ ሲወጣ ማየት ዋጋውን ያስረዳዎታል። ሲገዙ ጠርዙን ይመርምሩ፣ ድርና ማጉ እጅ የፈተለው ይሁን የፋብሪካ ክር ይጠይቁ፤ ሻጩ ይነግርዎታል። አንድ ነገር ደግሞ ልንሸሸው አይገባም። ከጋሞ ደጋ ሕፃናትን በትምህርት ስም ወደ አዲስ አበባ ወስዶ ለሽመና ጉልበት ማዋል ለዓመታት የዘለቀ ችግር ነው። አገሩ ላይ ከሸማኔው እጅ፣ በማይጎዳው ዋጋ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ገንዘቡ የት እንደደረሰ ያውቃል።

ቆጮውን ትኩሱን፣ በእንሰት ቅጠል ተጋግሮ እንደወጣ፣ በዳጣና በማር ይብሉ። ለጾመኛም ይሆናል።

አምስተኛ፤ ዱቡሻውን በአክብሮት ይጎብኙ

ብዙ ተጓዥ አጠገቡ አልፎ የማያየው ቦታ ይኼ ነው። በጋሞ ደጋ እየተጓዙ ሣሩ የተጠበቀ፣ ትልልቅ ዛፎች ያሉበት፣ አንዳንዱም የመቀመጫ ድንጋይ የተደረደረበት ገላጣ ሜዳ ሲያዩ ዱቡሻ ሊሆን ይችላልና ይቁሙ። ዱቡሻ የሸንጎ ቦታ ነው። ጋሞ ደሬ በሚባሉ በርካታ አገሮች ተከፍሎ የኖረ ሕዝብ ነው፤ እያንዳንዱ ደሬ የራሱ ሸንጎ አለው፤ የመሬት ክርክር፣ የደም ጉዳይ፣ ሀላቃ የሚባለው የአገር መሪ ሹመት እዚያ ይታያል። ንግግር የሚከፈተው በምርቃት ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ፣ ቡራዩ ላይ በጋሞ ተወላጆች ላይ የተፈጸመው ግድያ ወሬ አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጣው ወጣት ለበቀል ተነሳ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ወጡ፣ ከወጣቱ ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ሣሩን አልፎ አልሄደም። አገር ሁሉ ያንን ምስል አይቷል። ሣሩ ያን ያህል ኃይል ከየት እንዳገኘ ለመረዳት ግን ዱቡሻ ላይ መቆም ያስፈልጋል።

ሥርዓቱ ይህ ነው። ብቻዎን አይግቡ፤ ከአስጎብኚው ጋር ሆነው በቅርብ ያለ ሽማግሌ ያስፈቅዱ። ሜዳውን አቋርጠው አይለፉ፣ ሣሩንም አይንጩ፣ ከድንጋዮቹ ላይ ሳይጋበዙ አይቀመጡ። ሸንጎ ላይ ከደረሱ ካሜራውን ይክተቱ። ሲገናኙ «ሳሮ» ብለው ሰላምታ ይስጡ፤ ለታላላቆች ጎንበስ ማለት እንደማንኛውም የአገራችን ክፍል ነው። ስለ ቦታው ታሪክ ሽማግሌዎቹን ይጠይቁ፣ ለማዳመጥም ሰዓት ይተዉ፤ ከሁሉም የሚበልጠው የጉዞው ክፍል ይህ እንደሆነ አምናለሁ።

ስድስተኛ፤ ጨንቻ

አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ከመቆርቆሯ በፊት የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች። ሰፊውን ግዛት ከዚህ ብርድና ጭጋግ ያስተዳድሩት ነበር። ዛሬ የምትታወቀው በፖም ነው፤ ችግኙ በሚስዮናውያን እጅ ገብቶ በየጓሮው ተዛምቷል። ገበያውን ጨርሰው ካርቶን ሙሉ ፖም ይዘው ይመለሱ።

ሰባተኛ፤ ሲወርዱ ኦቾሎን ይዩ

ኦቾሎ ከአባያ ሐይቅ በላይ በዓለት አናት ላይ የተቀመጠ መንደር ነው። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የጋሞን የሸንጎ ፖለቲካ ያጠናው እዚህ ነበር፤ ከሰው ተርታ አንድ ሰው ተነስቶ የሚናገርበትን ሥርዓት ለዓለም ያስተዋወቀ ሥራ ነው። ከዓለቱ ላይ አባያን ማየት ብቻውን ድካሙን ይክሳል። ሆኖም በመንደሩ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ በሽታ ስላለ፣ ሽኮኮ ከሚበዛባቸው ዋሻዎች አጠገብ አያምሹ፤ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትነድፈው ሲመሽ ነው።

እግረ መንገድዎን ይህንም ያስቡ፦ በዚሁ ደጋ፣ ሞታ በተባለ ዋሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የ4,500 ዓመት አፅም ተገኝቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሙሉ የዘር መረጃው ሲታተም ከአፍሪካ ጥንታዊ አፅም የተነበበ የመጀመሪያው ሆነ። ተመራማሪዎቹ በጋሞኛ ባይራ ብለው ሰይመውታል፤ በኩር ማለት ነው።

ስምንተኛ፤ ሐይቁና ፓርኩ

ወደ ጫሞ በጠዋት ይሂዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ አዞዎቹም ፀሐይ ለመሞቅ ወደ ዳር የሚወጡት ረፋዱ ላይ ነው። አዞ ገበያ የሚባለው ዳርቻ ግዙፍ አዞዎች በብዛት የሚታዩበት ነው። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አይሳፈሩ፣ ባለጀልባውን ወደ ጉማሬ ጠጋ በል አይበሉት። በሐይቁ ዳር ቆሞ መታጠብም ሆነ ልጅ ማስጫወት ፈጽሞ አይደረግም። ምሳ ከጫሞ የወጣ ነጭ አሳ ወይም ቆሮሶ ይሁን።

ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ነው። የሜዳ አህያ የሚሰማራበት ነጭ ሜዳ ከከተማው ማዶ፣ በአባያና በጫሞ መካከል ያለውን የእግዜር ድልድይ ተሻግሮ ስለሆነ ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪናና ሙሉ ቀን ይጠይቃል። መኪናው ከሌለዎት ይህን ይተዉትና ለከተማው ስም የሰጡትን ምንጮች በደኑ ውስጥ በእግር ይዩ። የአእዋፍ ወዳጅ ለሆነ ሰው ግን ሜዳው ይቀራል አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1990 በመንገድ ላይ ሞታ ከተገኘች አንዲት ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ ተወስዶ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ የተመዘገበችው የነጭ ሳር ወፍ የዚህ ቦታ ናት።

ዘጠነኛ፤ ሻንጣው

አንድ ሻንጣ ለሁለት አየር ማዘጋጀት ነው ችግሩ። ለደጋው ወፍራም ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና የማያንሸራትት ጫማ፤ ለቆላው ቀላል ልብስ፣ ባርኔጣና የወባ ትንኝ መከላከያ ይያዙ። አርባ ምንጭ ወባ አለበት፤ አጎበር የሌለው ክፍል አይከራዩ፣ ከተመለሱም በኋላ ትኩሳት ከያዘዎት የት እንደነበሩ ለሐኪሙ ይንገሩ። ለገበያው ዝርዝር ብር ያስፈልጋል።

ሁለት ቀን የሚተርፍዎት ከሆነ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ኮንሶ አለ። የእርከን ሥራውና በድንጋይ የታጠሩት መንደሮቹ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ኮንሶ ሲገቡ ግን ከጋሞ ዞን ወጥተዋልና አስጎብኚዎን እዚያው ካራት ከተማ ላይ ይያዙ።