ያገለገለ የናፍጣ መኪና ለቤተ ሰብ ሲገዛ ሊመረመር የሚገባው

የቀድሞው የጣና ዳር ነጋዴ በቅሎ ሲገዛ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ሳያይ፣ አካሄዷን ሳይመረምርና ጀርባዋን በእጁ ሳይዳስስ ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም ነበር። የዛሬው ነጋዴ ግን ከበቅሎ ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ አውጥቶ ያገለገለ መኪና ሲገዛ፣ ብዙ ጊዜ የሚያምነው የቀለሙን ማማርና የደላላውን ቃል ነው። ስሕተቱ የሚታወቀው ቤተ ሰቡን አሳፍሮ የዓባይን በረሃ ሲወጣ፣ ወይም ለሱቁ ዕቃ ማምጫ ያስቀመጠውን ገንዘብ ለሞተር ማደሻ ሲከፍል ነው።

ጉዳዩ በአሁኑ ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ ወረደ፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም በዚያው መጠን ተወደደ። ከዚህ የተነሣ የናፍጣ መኪና ፈላጊ የሚመርጠው በአብዛኛው በአገር ውስጥ ካሉትና በየዓመቱ ዕድሜያቸው ከሚገፋው መኪኖች መካከል ነው። በተሳሳተ ምርጫ የተገዛውን መኪና ሸጦ በአዲስ መተካት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባ አንድ ዋና ነገር አለ። መልካም የናፍጣ መኪና በፋብሪካው ስምና በሞዴሉ ዓመት ብቻ አይታወቅም። ያቃጠለው ነዳጅ ንጹሕ መሆኑ፣ ዘይቱ በጊዜው መለወጡና ሞተሩ በሙቀት አለመጎዳቱ ከስሙ ይበልጣል። ገዢው ከብረቱ ጋር የቀድሞውን ባለቤት አያያዝ አብሮ ይገዛል።

1ኛ. ናፍጣ ለማን ይጠቅማል?

ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ያሳየው ሞተር እሳት የሚያገኘው ከካንዴላ አይደለም። አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ በኃይል ሲጨመቅ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ይህን ጭምቀት እንዲችል የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ይልቅ ጠንካራና ከባድ ሆኖ ይሠራል። ነዳጅ መቆጠቡና በመልካም አያያዝ ዕድሜው መርዘሙ የታወቀ ነው። ሆኖም የመግዣ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ሲበላሽም ማደሻው ከቤንዚኑ ይበልጣል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የቤንዚን መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር፣ ተመሳሳዩ የናፍጣ መኪና 9 ሊትር የሚፈጅ ቢሆን፣ በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባለቤት 600 ሊትር ያተርፋል። በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ ግን ትርፉ 150 ሊትር ነው። ገዢው እነዚህን ሊትሮች በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ አባዝቶ፣ ለናፍጣው መኪና ከሚጨምረው የመግዣና የጥገና ወጪ ጋር ያስተያያቸው። ከወረታ ሩዝ የሚያመጣ፣ ወደ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል የሚመላለስ፣ ወይም በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚደርስ ነጋዴ ናፍጣን ቢመርጥ ሒሳቡ ሊደግፈው ይችላል። ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ትምህርት ቤት ብቻ ለሚሄድ ቤተ ሰብ ግን የናፍጣ መኪና ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ሞተሩም በአጭር መንገድ በሚገባ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ጥላሸት ያበዛል።

2ኛ. የትኛው ሞተር?

በገበያ ላይ የሚገኙት የናፍጣ ሞተሮች በሁለት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ወገን ናፍጣን በሜካኒካል ፓምፕ የሚረጩት ቀድሞ የተሠሩት ናቸው። በአሮጌው ሃይሉክስ ላይ የሚገኙት የቶዮታ 3ኤል እና 5ኤል፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በላንድ ክሩዘር ላይ የተገጠመው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 1ኤችዜድ የዚህ ወገን ናቸው። ቱርቦ ስለሌላቸው ቀርፋፋዎች ናቸው፤ ድምፃቸውም ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን አሠራራቸው ቀላል ስለ ሆነ ብዙ መካኒክ ያውቃቸዋል፤ የነዳጅ ጉድለትንም ከአዲሶቹ ይልቅ ይታገሣሉ።

ሁለተኛው ወገን በኮምፒዩተር የሚታዘዙትና ኮመን ሬይል የሚባለው አሠራር ያላቸው ናቸው። በፕራዶና በሃይሉክስ ላይ የሚገኘው 1ኬዲ የተባለው ባለ 3 ሊትር ሞተር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ኃይለኛ፣ ቆጣቢና ጸጥተኛ ነው፤ ነገር ግን ናፍጣውን የሚረጨው ከ1,300 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለ ሆነ፣ በነዳጁ ውስጥ ያለ ጥቂት ውሃ ወይም ብናኝ ኢንጀክተሮቹን ያበላሻል። ናፍጣ ከነጭ ጋዝ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ የማለስለስ ኃይሉን ስለሚያጣ ፓምፑን ይበላዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋና ነዳጅ ሲታጣ፣ በጀሪካንና በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ የተጠቀሙ መኪኖች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለ መኪና ሲገዛ ኢንጀክተሮቹን በመሣሪያ ሳያስመረምሩ ገንዘብ መክፈል አደገኛ ነው።

በሁለቱ መካከል 1ኬዜድ የተባለው ባለ ቱርቦ ሞተር ይገኛል። ጉልበቱ መልካም ሲሆን፣ የአሉሚኒየም ቴስታታው ከመጠን ያለፈ ሙቀት ሲያገኘው የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው የማቀዝቀዣው ክፍል በጥብቅ ሊመረመር ይገባል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአውሮፓ የተሠሩት የናፍጣ አውቶሞቢሎች ደግሞ በጭስ መውጫቸው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ አላቸው። ይህ ማጣሪያ ድኙ እጅግ የተቀነሰ ናፍጣና ረዘም ያለ ጉዞ ስለሚፈልግ፣ በከተማ ውስጥ ብቻ ሲነዳ ቶሎ ይደፈናል።

የአገሩም ከፍታ መታሰብ አለበት። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሰባት ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ቢደክም ከዚህ የተነሣ እንጂ ሁልጊዜ ከብልሽት አይደለም። በጠቅላላው፣ ነዳጅ ባገኘበት ቦታ የሚቀዳና ከትልቅ ጋራዥ ርቆ የሚኖር ሰው ቀላሉን አሮጌ ሞተር ቢመርጥ ይሻለዋል። ከታመነ ማደያ የሚቀዳና በአስፋልት ረጅም መንገድ የሚጓዝ ደግሞ አዲሱን፣ አስመርምሮ፣ ሊገዛ ይችላል።

3ኛ. የምርመራው ቅደም ተከተል

ሀ. ምርመራው የሚጀመረው በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ገዢው በሌላ ቀን ይመለስ፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ነውር ይሸፍናልና።

ለ. ሞተሩ ሲነሣ ጭሱ ይታያል። በብርድ ለጥቂት ጊዜ የሚታይ ነጭ ጭስ ጉዳት የለውም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ከሆነ ግን ወይ ናፍጣው በሚገባ አይቃጠልም፣ ወይም ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ያመለክታል። ብዙ ጥቁር ጭስ የአየር ማጣሪያ መደፈንን ወይም የኢንጀክተር ብልሽትን ያሳያል።

ሐ. ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ትንፋሹ በኃይል የሚወጣ ከሆነ የፒስቶን ቀለበቶቹ አርጅተዋል። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተለወጠ በጥቂት ቀን መጥቆሩ ግን የተለመደ ስለ ሆነ ሊያስደነግጥ አይገባም። የሚያስደነግጠው ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ መገኘቱ ነው፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነውና።

መ. የራዲያተሩ ክዳን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይከፈታል። በውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም ሞተሩ ሲነሣ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል።

ሠ. ከላይ የተጠቀሱት የቶዮታ ሞተሮች የሚሠሩት በቺንጋ ነው። ቺንጋው ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንዲለወጥ ያስፈልጋል። ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስቶኑ ጋር ይጋጫሉ። የተለወጠበት ማስረጃ ከሌለ ገዢው እንዳልተለወጠ ቆጥሮ ወጪውን ከዋጋው ላይ ይቀንስ።

ረ. ከዚህ በኋላ መኪናው ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይነዳል፤ ዳገትም ይወጣል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለቱም ዳገቱም ከ1,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ በከተማ ሜዳ ላይ ደኅና የሚመስል ሞተር እዚያ ይፈላል። ገዢው እስከዚያ መሄድ ባይችል እንኳ በአቅራቢያው ባለ ረጅም ዳገት መኪናውን ጭኖ የሙቀቱን መለኪያ ይመልከት። በቁልቁለቱም ፍሬኑን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን ይፈትን።

ሰ. ጣና ጨው የሌለው ሐይቅ ስለ ሆነ እንደ ባሕር ጠረፍ ብረት አይበላም። ይሁን እንጂ የክረምቱ ጭቃ በሻንሲው ላይ ደርቆ ሲቀር ዝገት ያመጣል። በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ጎርፍ ውስጥ የቆመ መኪና ሊኖርም ስለሚችል፣ ከምንጣፉ ሥር፣ ከወንበሩ ሐዲድና ከመብራቶቹ ውስጥ ደለል መኖሩ ይታይ። በአየር መሳቢያው ውሃ የገባበት የናፍጣ ሞተር ጭምቀቱ ኃይለኛ ስለ ሆነ የፒስቶኑ ዘንግ ሊጣመም ይችላል።

ሸ. የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል የታወቀ ነው። ያለቀ የፔዳል ጎማና የተላጠ መሪ ከትንሽ ቁጥር ጋር አይስማሙም።

4ኛ. ወረቀቱና ዋጋው

ሞተሩ ደኅና ሆኖ ወረቀቱ ቢበላሽ ግዢው አሁንም ኪሳራ ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በብረቱ ላይ ካለው ጋር በዓይን መመሳከር አለበት። መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉ፣ በባንክ ብድር ዋስትና ያልተያዘና በፍርድ ቤት ያልታገደ መሆኑ ይረጋገጥ። ሻጩ ባለቤቱ ሳይሆን ወኪል ከሆነ ውክልናው መሸጥን የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑ ይጠየቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ዝም ብሎ የቆየ ገዢ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ስለ መኪናው የተናገረው ቃል በውሉ ውስጥ ቢጻፍ መልካም ነው።

ገዢው ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለመግዣ አያውጣ። ቢያንስ ከአሥር አንዱን ለቺንጋ፣ ለማጣሪያዎች፣ ለዘይት፣ ለባትሪና ለጎማ ቢያስቀር፣ መኪናው በመጀመሪያው ወር ከሱቁ ገንዘብ አይበደርም። ለንግድ የተመደበውን ገንዘብ ለመኪና ማዋል ሁለቱንም ይጎዳል።

በመጨረሻም ነገሩ ገዢውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በአገር ውስጥ ያሉት የናፍጣ መኪኖች እያረጁ በሄዱ መጠን እውነተኛ የናፍጣ ማጣሪያ፣ ቺንጋ፣ ጓርኒሲዮንና ኢንጀክተር የሚያቀርብ አስመጪና ባለ ሱቅ ፈላጊው ይበዛል፤ አስመስለው የተሠሩትን የሚሸጥ ግን የደንበኛውን ሞተርና የራሱን ስም አብሮ ያጠፋል። የመኪና ባለቤትም ዘይት የለወጠበትንና የጠገነበትን ደረሰኝ ቢያስቀምጥ፣ በሚሸጥበት ቀን ያ የወረቀት ጥቅል ከአዲስ ቀለም ይልቅ ዋጋ ያወጣለታል።

በ1955 ዓ.ም. ፖሊቴክኒክ የተከፈተባት ባሕር ዳር የሞተር ባለሙያ የማይገኝባት ከተማ አይደለችም። ከሻጩም ከደላላውም ጋር ጥቅም የሌለው አንድ መካኒክ ለግማሽ ቀን የሚከፈለው ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ትንሽ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ይህን ግማሽ ቀን የነፈገ ገዢ ኋላ ወራትን በጋራዥ ደጅ ያሳልፋል።