ባቡር የማን ነው? በአዲስ አበባ የመንገድ፣ የአውቶቡስና የቀላል ባቡር አገልግሎት ላይ ያለው የመንግሥት ኃላፊነት ክፍፍል

የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 9 የአየር፣ የባቡርና የውኃ መጓጓዣን፣ እንዲሁም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ መንገዶችን የማስፋፋት፣ የማስተዳደርና የመቆጣጠር ሥልጣንን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣል። ድንጋጌው በጥሞና ሲነበብ አንድ ልዩነት ይታያል። መንገድን የፌዴራል የሚያደርገው የሚያገናኘው ስፍራ ነው፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ መንገድ ከዚህ ሥልጣን ውጭ ይቀራል። ባቡርን የፌዴራል የሚያደርገው ግን ባቡርነቱ ብቻ ነው። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ማንን እንደሚያመላልስ በመስፈርትነት አልተቀመጠም።

ይህ ልዩነት ለሃያ ዓመታት ያህል ማንንም አላስቸገረም። ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ አገሪቱ የነበራት የባቡር መስመር ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚደርሰው ነው። ድንበር ተሻጋሪ ስለሆነ የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ጥያቄው የተወለደው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚደርሰው ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምርና በኅዳር ወር ገደማ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው መስመር ሲከተለው ነው። የሁለቱ መስመሮች ጠቅላላ ርዝመት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ ባለው ክፍል በአንድ ሐዲድ ይጓዛሉ። ሐዲዱ የከተማውን ክልል አይሻገርም። ሆኖም ያሠራውም፣ አገልግሎቱን እንዲሰጥ በመነሻው ኃላፊነት የተጣለበትም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 141/2000 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነበር።

ሐዲዱ የተዘረጋበት መንገድ ግን የከተማው ነው። በ1990 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን የውስጥ መንገዶችን ይሠራል፣ ይጠግናል። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት ሚኒባስ ታክሲዎች የግል ንብረት ቢሆኑም ታሪፋቸውን የሚወስነው፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮም በታፔላ የስምሪት መስመር የሚሰጣቸው የከተማው የትራንስፖርት አካል ነው። አንበሳና ሸገር አውቶቡሶችም የከተማው ናቸው፤ ከቲኬት የሚገኘው ገቢ ወጪያቸውን ስለማይሸፍን ጉድለቱ በከተማው በጀት ይደጎማል። በአያት የሚኖርና በመርካቶ የሚሠራ ሰው በሚኒባስ ተነሥቶ፣ በባቡር ተጉዞ፣ በአውቶቡስ ቢጨርስ በአንዲት ጠዋት ለሁለት የመንግሥት እርከኖች ከፍሏል ማለት ነው። ተሳፋሪው ይህን አያውቅም፤ ሊያውቀውም አይገባም። የሚያውቀው ሦስት ጊዜ መሰለፉንና ሦስት ጊዜ መክፈሉን ነው።

የክፍፍሉ ውጤት በግልጽ የሚታየው በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ነው። የባቡሩ ጣቢያዎች በአመዛኙ በመንገዱ መካከል ሲገኙ የአውቶቡስና የታክሲ መጫኛዎች ዳር ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው የእግረኛ ማቋረጫ የሐዲዱ አካል ነው ወይስ የመንገዱ? ሐዲዱ በምድር ላይ በሚያልፍባቸው ስፍራዎች የታጠረው አጥር ቀድሞ በአንድ እርምጃ ይገናኙ የነበሩ ሰፈሮችን ለያይቷል። ለባቡሩ ፍጥነትና ደኅንነት አጥሩ አስፈላጊ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄደው እግረኛ ግን የባቡሩ ድርጅት ደንበኛ ስላልሆነ ድካሙ በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። የቲኬቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ባቡሩ ሲጀምር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ያስከፍል ነበር፤ አውቶቡሱም የራሱ ታሪፍና የራሱ ትኬት አለው። ሁለቱን በአንድ ክፍያ ማስተሳሰር ቴክኒካዊ ችግር የለበትም። የሚያስቸግረው ተሳፋሪ ከአንዱ ወደ ሌላው በቅናሽ ሲሻገር የሚጎድለውን ገቢ የትኛው ግምጃ ቤት እንደሚሸከም አለመወሰኑ ነው።

ባለቤትን አንድ ማድረግ ብቻውን መፍትሔ ይመስል ይሆናል። አይደለም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አዲሱ የባቡር መስመር መነሻ ጣቢያው ፉሪ ለቡ ነው። ቀላል ባቡሩ ወደዚያ አይደርስም። ሁለቱንም ያሠራው ያው አንድ ኮርፖሬሽን ሆኖ ሳለ ከድሬዳዋ የመጣ መንገደኛ ወደ መሀል ከተማ ለመግባት ታክሲ መፈለግ ግድ ሆኖበታል። ቀድሞ ባቡሩ የሚቆመው በለገሃር፣ ማለትም በከተማው እምብርት ነበር። የዚህ ምሳሌ ትርጉም ግልጽ ነው፦ የንብረት ባለቤትነትና የጉዞ ኃላፊነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጎደለው አንድ ባለንብረት ሳይሆን፣ ተሳፋሪው ከቤቱ እስከ ሥራው ለሚያደርገው ጉዞ ተጠያቂ የሆነ አንድ አካል ነው።

የታላቋ ማንቸስተር ታሪክ የአዲስ አበባን ችግር ተገልብጦ ያሳያል። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው የትራንስፖርት ሕግ ከለንደን ውጭ ያለውን የአውቶቡስ አገልግሎት ከጥቅምት 1986 ጀምሮ ለነፃ ውድድር ከፈተው። መስመሩን፣ ሰዓቱንና ዋጋውን የግል ኩባንያዎች ይወስኑ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1992 ሥራ የጀመረው የከተማዋ ትራም ግን በአካባቢው የሕዝብ አካል ሥር ነበር። እዚህ አውቶቡሱ የአካባቢው፣ ባቡሩ የሩቅ አካል ነው፤ እዚያ ትራሙ የአካባቢው፣ አውቶቡሱ ከአካባቢው እጅ የወጣ ነበር። ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ፦ ሁለቱን እንደ አንድ ጉዞ የሚያቅድ አልነበረም። ማንቸስተር እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን የአውቶቡስ አገልግሎቶች ሕግ መሠረት አድርጋ፣ ከመስከረም 2023 እስከ ጥር 2025 በሦስት ዙር አውቶቡሶቿን መልሳ በሕዝብ ቁጥጥር ሥር አደረገች። የሚያስተውሉት ነጥብ አለ፦ አውቶቡሱን ዛሬም የሚያንቀሳቅሱት በውል የተቀጠሩ ኩባንያዎች ናቸው። ወደ ከተማዋ የተመለሰው መስመርን፣ ሰዓትንና ታሪፍን የመወሰን ሥልጣን ነው። በአውቶቡስና በትራም ላይ የጋራ የክፍያ ጣሪያ ሊኖር የቻለውም ከዚህ በኋላ ነው።

ኢትዮጵያም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ የራሷ ልምድ አላት። በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አንበሳ አውቶቡስ በደርግ ተወርሶ፣ በ1986 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የልማት ድርጅት ሆኖ ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለማዕከላዊው መንግሥት ነበር። በኋላ ወደ ከተማው አስተዳደር ተላለፈ። የአዲስ አበባ አውቶቡስ የማዕከላዊ መንግሥት ንብረት መሆኑ በወቅቱ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ግን ወደዚያ ይመለስ ብሎ የሚከራከር አይገኝም። አውቶቡስን በሚመለከት ግን ሕገ መንግሥታዊ ዕንቅፋት ስላልነበረ ርክክቡ አስተዳደራዊ ውሳኔ ብቻ ይበቃው ነበር። ባቡሩን የሚመለከት ርክክብ የበለጠ ሕጋዊ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በዚህ ረገድ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 9 በር ይከፍታል። የፌዴራሉ መንግሥት በአንቀጽ 51 ከተሰጡት ሥልጣንና ተግባሮች እንደ አስፈላጊነቱ ለክልሎች በውክልና ሊሰጥ ይችላል። አዲስ አበባ ግን ክልል አይደለችም። በአንቀጽ 49 መሠረት ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ያላት፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራሉ መንግሥት የሆነ ከተማ ናት። «ክልል» የሚለው ቃል በጠባቡ ከተተረጎመ ውክልናው አይመለከታትም ማለት ይቻላል። ይህ ትርጓሜ ግን አያሳምንም። የፌዴራሉ መንግሥት ሉዓላዊ ድርሻ ላለው ክልል ሊያካፍል የተፈቀደለትን ተግባር፣ ለራሱ ተጠሪ ለሆነ የከተማ አስተዳደር ማካፈል ይከለከላል ማለት ከድንጋጌው ዓላማ ጋር አይጣጣምም። አስተማማኙ መንገድ የከተማውን ቻርተር፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 361/1995ን፣ በማሻሻል በከተማው ክልል ተጀምሮ የሚያልቅ ባቡርን የማደራጀት ሥልጣን በግልጽ ማስፈር ነው። የደኅንነት ደረጃና የቴክኒክ ቁጥጥር በፌዴራል እጅ ቢቆይ የሚጎዳ ነገር የለም።

ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው ገንዘቡ ነው። ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ከወጣው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ብድሩ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፤ ትኬቱ በብር ይሸጣል። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት የቆሙበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ መለዋወጫው ከውጭ ይመጣል፣ ምንዛሪውን የሚደለድለው ግን የከተማ አስተዳደር አይደለም። ስለዚህ ባቡሩን ከነዕዳው ለከተማው ማስረከብ ኃላፊነትን ማስተላለፍ ሳይሆን ጉድለትን ማስተላለፍ ይሆናል። ዕዳው ከሐዲዱና ከባቡሮቹ ጋር በፌዴራል ስም ቆይቶ፣ የሰዓት ሰሌዳ፣ የታሪፍና የመጋቢ አውቶቡሶች ውሳኔ ከተወሰነ ዓመታዊ ድጎማና ከመለዋወጫ ምንዛሪ ዋስትና ጋር ለከተማው ቢሰጥ ግን አገልግሎቱ የሚጠየቅበት ባለቤት ያገኛል።

አንድ ጉዳይ ከዚህም ክፍፍል ውጭ ይቀራል። የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ ጫፍ አያት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጥቂት ርቀት ላይ ለገጣፎ አለ፣ እርሱም የኦሮሚያ ክልል ነው። በየዕለቱ ጠዋት ከለገጣፎ ወደ አያት ለሚጎርፈው ሕዝብ የሚሆን አውቶቡስ ለመመደብ፣ ለከተማው የተሰጠው ሥልጣን በወሰኑ ላይ ያበቃል። ክልሉም ከተማው ውስጥ መናኸሪያ የለውም። ሐዲዱን ወደ ለገጣፎ ማራዘም ቢታሰብ መስመሩ በዚያኑ ቅጽበት ክልል ተሻጋሪ ይሆናል፤ የፌዴራልነቱ ምክንያትም ያን ጊዜ «ባቡር» የሚለው ቃል ብቻ መሆኑ ይቀራል።