የመሬት መንቀጥቀጥ ምንድን ነው? ከምንስ ይመጣል?

በዚህ እትም የትምህርት አምዳችን ስለ መሬት መንቀጥቀጥ እንማማራለን። ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 በኬንያ ሱቡኪያ፣ በ1961 በካራ ቆሬና በማጀቴ፣ በ1969 ደግሞ በአፋር ሰርዶ ከባድ መንቀጥቀጥ ደርሷል። ከ2024 አጋማሽ በኋላ በፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ በደረሰው መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎች ቀያቸውን ለቀዋል።

መንስኤው

የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም። ፕሌት በሚባሉ ታላላቅ የዓለት ገበታዎች የተከፋፈለ ነው። ገበታዎቹ በጣም በዝግታ ይንቀሳቀሳሉ። አንዳንዶቹ ይጋጫሉ፣ አንዳንዶቹ ጎን ለጎን ይፋተጋሉ፣ ሌሎቹ ይራራቃሉ። በስምጥ ሸለቆ ግራና ቀኝ ያለው ምድር በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ይራራቃል።

ደረቅ እንጨት በሁለት እጃችን ይዘን ብናጎብጠው ለጊዜው ይችለናል። በመጨረሻ ቀጭ ብሎ ሲሰበር እጃችንን ይነዝረናል። ዓለትም እንዲሁ ነው፤ ለብዙ ዘመን የተጠራቀመው ጉልበት በድንገት ሲለቀቅ ምድር ትናወጣለች።

ሌላው መንስኤ ከሥር የሚመጣ ቅልጥ ዓለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአፋር ዳባሁ ቅልጥ ዓለት ወደ ስንጥቅ ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከፈለው። የስንጥቁ ስፋት አንዳንድ ቦታ 8 ሜትር ደርሷል።

መለኪያው

መንቀጥቀጡን የሚመዘግበው መሣሪያ ሲስሞግራፍ ይባላል። መጠኑ በ1 ሲጨምር የሚለቀቀው ጉልበት 32 እጥፍ ያህል ይሆናል። ነገር ግን መንቀጥቀጥ የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ሊናገር የሚችል መሣሪያም ሆነ ባለሙያ የለም። «ዛሬ ማታ ይመጣል» የሚል ወሬ ብንሰማ ልንደናገጥ አይገባም።

ምን እናድርግ?

በአብዛኛው ሰው የሚሞተው በመሬቱ መናወጥ ሳይሆን በሚወድቅ ግድግዳና ጣሪያ ነው። ስለዚህ፦

1. ቆርቆሮው በነፋስ እንዳይነሳ ድንጋይ ከመጫን ይልቅ በሚስማርና በሽቦ እንሰር።
2. የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ሥር ሕፃናትን አናስተኛ።
3. በጭቃ ቤት ውስጥ በር አጠገብ ያለ ሰው ራሱን በእጁ ሸፍኖ ፈጥኖ ወደ ገላጣ ቦታ ይውጣ። መውጣት የማይችል ጠረጴዛ ሥር ይግባ።
4. ተማሪዎች በር ላይ አይጋፉ።
5. መንቀጥቀጡ ሲያቆም ምድጃና ኩራዝ እናጥፋ። ተከታይ መንቀጥቀጥ ስለሚኖር ወደተሰነጠቀ ቤት አንመለስ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ. በስምጥ ሸለቆ ገበታዎቹ ይጋጫሉ ወይስ ይራራቃሉ?
ለ. በቤታችሁ ሊወድቅ የሚችል ነገር የቱ ነው? ዛሬውኑ ከቤተሰባችሁ ጋር ተመልከቱ።